የተቆረጡት መቅዘፊያዎች

ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በግዥ ባለሙያነት ስሠራ፣ ከከተማችን በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የሎጎ ሐይቅ የውሃ ናሙና ለሚቀዱ ሁለት ባልደረቦቼ አንድ ታንኳ ከነመቅዘፊያዎቹ እንድገዛ ታዘዝኩ። ታንኳ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው በሥዕል የማውቀው የጣናው የደንገል ታንኳ ብቻ ስለነበር፣ የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ ያዘጋጀሁት ከቀረቡልኝ ፕሮፎርማዎች ላይ ቃላት እየለቃቀምኩ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነውንና በክብደቱም በዋጋውም ቀለል ያለውን ስመርጥ፣ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ሆዱም ክብ መሆኑን ልብ አላልኩም። መቅዘፊያዎቹንም ሲረዝሙ ውሃ አብዝተው ይገፋሉ በሚል ግምት 170 ሴንቲ ሜትር አደረግኳቸው።

በሙከራው ቀን አንደኛው ባልደረባዬ የናሙና መቅጃውን ለማውረድ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ታንኳው ተገለበጠ። ከዳር ስላልራቁ ውሃው ከወገባቸው አላለፈም፤ የሐይቁ ጥልቅ ስፍራ ግን ከ80 ሜትር በላይ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት አልለበሱም ነበር፤ እኔ በዝርዝሩ ውስጥ አላካተትኩትምና።

መረባቸውን ያጥፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ፣ ድንጋጤዬን አይተው «አብሽር ልጄ» ካሉኝ በኋላ የታንኳውን ሆድ በእጃቸው ዳሰሱ። «ይህ ለመሮጥ የተሠራ ነው፤ እናንተ የምትሹት ተረግቶ የሚሠራበትን ነው» አሉኝ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነና ሆዱ ጠፍጠፍ ያለ ታንኳ ፍጥነቱ ቢያንስም በረጋ ውሃ ላይ ጀማሪን እንደ ጠባቡ አያዋዥቀውም፤ ተነሥቶ ከመቆም ይልቅ ተንበርክኮ መሥራትም ክብደትን ወደ ታች ያወርዳል። ሁለተኛውን ታንኳ በዚሁ መሠረት፣ ከነጃኬቶቹ ገዛን።

መቅዘፊያዎቹን ግን አልጣልናቸውም። ባልደረባዬን ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገን ከመቀመጫው እስከ አፍንጫው ስንለካ 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ውሃ የሚገፋውን ሰፊውን ክፍል 50 ሴንቲ ሜትር ደምረን፣ የታንኳው መቀመጫ ከውሃው ከፍ ስለሚል ጥቂት ስንጨምርበት 135 መጣ። አናጺው እጀታቸውን ነቅሎ ዘንጎቹን ቆረጠና እጀታዎቹን መልሶ ገጠማቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ አዲስ ዕቃ ለምን በመጋዝ እንደተቆረጠ በደብዳቤ እንዳስረዳ ጠየቁኝ፤ የንብረት ቁጥሩም የተለጠፈው በተቆረጠው በኩል ስለነበር፣ ሁለቱ ቁራጮች ከደብዳቤዬ ጋር ወደ መጋዘን ገቢ ተደረጉ።