ላፕቶፕ ይዞ መድረክ መውጣት፦ ከፌስቲቫሉ በኋላ የያዝኩት ልምምድ

ቤት ውስጥ ቢት መሥራትና ሰው ፊት መጫወት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን ብዙዎቻችን ለምደነዋል። ሁለተኛውን ግን እኔ ገና እየተማርኩት ነው። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ በተደረገ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተገኝቼ ነበር። እዚያ ያየሁት ልምምዴን ከሥሩ ስለቀየረው፣ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ።

ፌስቲቫሉ ትልቅ አልነበረም። አንድ ግቢ፣ አንድ መድረክ፣ ሁለት ምሽት። ላፕቶፕ ይዘው የሚወጡ ልጆችን በተከታታይ መስማት የሚቻልበት አጋጣሚ ከተማችን ውስጥ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ልከታተል ወስኜ ነበር፦ ሰውዬው እጁ ሲንቀሳቀስ ድምጹ ይለወጣል ወይ?

በመጀመሪያው ምሽት የተጫወተው ልጅ ድምጹ እጅግ የጠራ ነበር። ማሲንቆን በጥቃቅን ቆራርጦ፣ በትዝታ ቅኝት ላይ ከወፍራም ቤዝ ጋር አዋህዶታል። እንዲህ ዓይነት ሚክስ በትልቅ ስፒከር መስማት ደስ ይላል። ሰዉም መጀመሪያ ጸጥ ብሎ አዳመጠው። እየቆየ ግን ወሬው ጀመረ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ስክሪኑን ያያል፤ እኛ የላፕቶፑን ጀርባ እናያለን።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሚክሰሩም ስፒከሩም ሞቱ። ላፕቶፑ በባትሪ መሥራቱን ቀጠለ። ስፒከሩ ሲመለስ ሙዚቃው ከተቋረጠበት አልተነሳም፤ እንደ አዲስም አልጀመረም። እኛ ሳንሰማው ወደ ፊት ሄዶ፣ ከመሀል ቦግ አለ።

በማግስቱ ምሽት ክራር የምትጫወት ልጅና ላፕቶፕ የያዘ ልጅ አብረው ወጡ። እሷ ትጫወታለች፤ እሱ እዚያው ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ ገልብጦ ይመልስላታል። እሷም የመለሰላትን ሰምታ ሌላ ትጫወታለች። በመሀል እንደገና መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ የፊት ረድፍ የነበሩ ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ የታወቀውን ችክችካ። ልጁ ሁሉንም ትራክ አቆመ። አንድ ቁልፍ በጭብጨባው ልክ ነካ ነካ ሲያደርግ የስክሪኑ ብርሃን ላይ ይታየኛል። ታፕ ቴምፖ ነው፤ የላፕቶፑን ፍጥነት ከሰዉ እጅ ላይ እየወሰደ ነበር። መብራት ሲመጣ ከበሮው ብቻ ገባ፤ በትክክል በጭብጨባው ላይ። ግቢው በጩኸት ተናጋ። እኔም ጮህኩ።

ሌላዋ ደግሞ ላይቭ ኮዲንግ፣ ማለትም ኮድ እየጻፉ ሙዚቃ መጫወት፣ የሠራች ልጅ ነበረች። የምትጽፈውን ኮድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየችን። አንዲት መስመር ስታጠፋ ከበሮው ጠፋ፤ አንድ ቁጥር ስትቀይር ዜማው ተገለበጠ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ኮድ የሚያውቁ አይመስለኝም። ግን መስመር በመስመር ይከተሏት ነበር። ይህን የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ቶፕላፕ የሚባል ማኅበር መሥርተዋል። ከመርሆዎቻቸው አንዱ ስክሪናችሁን አሳዩን የሚል ነው።

ካለቀ በኋላ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን፤ ክርክሩም ጦፈ። አብረውን የመጡ አንድ የሰፈራችን የድሮ ኪቦርድ ተጫዋች አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። «እኔ ማሽን አልጠላም» አሉ። «ባንዱ ተበትኖ እኔና ድራም ማሽኑ ብቻ ስንቀር፣ ስንቱን ሰርግ ያሞቅነው ሁለታችን ነን። ግን ዓይኔ ሰዉ ላይ ነበር። እስክስታው ሲግል ዘፈኑን አስረዝማለሁ፤ ሲደክማቸው አሳጥራለሁ። የትናንቱ ልጅ ማንን አየ?»

አንዱ ጓደኛችን አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ለወራት የለፋበትን ድምጽ በዚያ ጥራት አሰማን እኮ። እጁ ባይንቀሳቀስ ምን ጎደለብዎት? ዓይንዎትን ጨፍነው ቢሰሙት?»

«ዓይኔን ከጨፈንኩማ ቤቴ ሆኜ እሰማው የለ!»

ክራር የምትጫወት ጓደኛችን ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር አነሳች። «እኔም አንገቴን ደፍቼ ነው የምጫወተው። ከፊት ረድፍ ውጭ ጣቶቼን የሚያይ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ መታየት አይመስለኝም።»

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። እጅ መወዛወዙ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ማዞሪያ የሚያዞር መስሎ ምንም የማይለውጥ ሰው አለ፤ ሳይንቀሳቀስ ብዙ የሚለውጥም አለ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፦ አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ይቀበልና በማሲንቆው ያዜመዋል። ማሲንቆው አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው። ዜማውም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። ምሽቱን የዚያ ምሽት ብቻ የሚያደርገው ቀጣዩ ስንኝ ከየትኛው ወንበር እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። የላፕቶፕ ጨዋታንም አሁን የምለካው በዚህ ነው። ግቢው የሰጠውን መቀበል ይችላል? ጭብጨባውን የተቀበለው ልጅ ችሏል። የመጀመሪያው ልጅ ሥራ ግን ለመቀበል ተብሎ አልተዘጋጀም፤ ለመደመጥ ነው የተዘጋጀው። የአልበም ማድመጫ ቢባል አንድም ሰው ባልተከራከረ ነበር፤ እኔም ደግሜ ሄጄ እሰማው ነበር።

ይህ የእኛ ከተማ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳዊው ዴድማውስ፣ በትልልቅ መድረኮች የሚታወቅ ሰው፣ ሁላችንም የምናደርገው ፕሌይ መጫን ነው ብሎ በይፋ ጽፎ ብዙ አነጋግሯል። ምክንያቱንም አብሮ አስቀምጧል፦ መብራቱና ቪዲዮው ከሙዚቃው ጋር በሰከንድ የተሳሰረ ስለሆነ፣ ሙዚቃው ከመስመሩ መውጣት አይችልም። ይህን ሳነብ የገባኝ ነገር፣ የማይለወጥ ጨዋታ ሁልጊዜ ከስንፍና አይመጣም። አንዳንዴ የትዕይንቱ ግዝፈት ያስገድዳል። የእኛ መድረክ ግን ትንሽ ነው፤ በዚህ በኩል ነጻ ነን። ለምን አንጠቀምበትም?

ማሽንና የባህል መሣሪያ ጠላቶች ናቸው የሚለውን ደግሞ የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ አይደግፈውም። ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ላይ የተሰማውን ዜማ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በማስተጋባትና ደጋግሞ በመቅዳት ሌላ ድምጽ አደረገው። የፈረንሳዩ ፒየር ሼፈር በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቀው በ1948 ነው። ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ እኛ መጥቶ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ደግሞ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነ ሰው፣ እዚሁ መሀል ከተማችን የባህል መሣሪያዎችን ሲያደራጅ ነበር። በስድስት ኪሎ ባለፍኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

ኃይሉ መርጊያንም ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ደራርቦ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ወጣት ፈረንጆች ሳይቀሩ ወደዱት። ያኔ ወደ መድረክ ሲመለስ ግን ከቤዝና ከድራም ተጫዋች ጋር ነው የወጣው። ለቀረጻው ማሽኑ በቂ ነበር። ለመድረኩ የሚመልስለት ሰው ፈለገ። በቅርቡ ደግሞ እነ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የሚባሉት ሙዚቀኞች «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን መንገድ ከፍተዋል። ያልሰማችኋቸው ካላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ።

አሁን ወደ ልምምዴ ልምጣ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ያለቁ ትራኮቼን ለመድረክ አለመጠቀም ነው። በምትካቸው በቅኝት የተከፋፈሉ አጫጭር ሉፖች (እየተደጋገሙ የሚጫወቱ ቁራጮች) አዘጋጀሁ፤ ለትዝታ ጥቂት፣ ለባቲ ጥቂት፣ ለአምባሰል ጥቂት። ኤብልተን ላይቭ በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ ሰሽን ቪው የሚባለው ገጽ ለዚህ የተሠራ ነው። የቱ ሉፕ ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ የሚወስን መስመር የለም። እኔ ካልመረጥኩ ምንም አይቀየርም። ይህ መጀመሪያ ያስፈራል፤ ግን ጆሮን ይከፍታል። ጥሩ ልምምድ ነው።

ሁለተኛው የመዘግየት ነገር ነው። ፓድ፣ ማለትም ድምጽ የሚያስነሳውን የመቆጣጠሪያ ቁልፍ፣ ስትመቱ ድምጹ ከእጃችሁ ዘግይቶ ከመጣ ከሰው ጋር መጫወት አይቻልም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳውንድ ካርዱ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምጽ ናሙና) ይሠራል። በፈሩ (buffer)፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያዘጋጀው የሳምፕል ብዛት፣ 1024 ከሆነ 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ ይህ የራሳችሁን ከበሮ ስምንት ሜትር ርቃችሁ እንደመስማት ነው። ወደ 128 ሲወርድ መዘግየቱ ሦስት ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሳውንድ ካርዱ ራሱ የሚጨምረው ትንሽ ነገር አለ፤ ግን ልዩነቱን ጣታችሁ ወዲያው ያውቀዋል። በፈሩ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ይጨነቃል፤ ድምጹም ይንተፋተፋል። ስለዚህ ከባድ ፕለጊኖችን (ድምጽ የሚፈጥሩና የሚቀይሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) አስቀድሜ ወደ ኦዲዮ እቀይራቸዋለሁ። ላፕቶፑ ቀለል ይለዋል።

ሦስተኛው ችክችካው ነው፤ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው እሱ ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት 4/4፣ ማለትም አራት አራት የሚቆጠር ምት፣ ይሰጣችኋል። ችክችካ ግን 6/8 ነው፤ ስድስቱን ምት ጆሮ ሁለትም ሦስትም አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ጣዕሙም እዚያ መወላወል ውስጥ ነው። ምቱን ሁሉ የሶፍትዌሩ እኩል የጊዜ ፍርግርግ ላይ ስትለጥፉት ትክክል ይሆንና ይሞታል። እኔ አሁን የማደርገው የከበሮ ቀረጻ ወስጄ፣ ምቱ ከፍርግርጉ የት የት ላይ እንደሚያፈነግጥ ሶፍትዌሩ እንዲያወጣልኝ ማድረግ ነው። ያንን ግሩቭ በድራም ማሽኑ ላይ እጭነዋለሁ። ልክ እንደ ሰው አይሆንም፤ ግን ትከሻ ያንቀሳቅሳል።

ቅኝቱም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ኪቦርዱ ኦክታቩን እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ይከፍላል። ጓደኛችን ክራሯን አንቺ ሆዬ ላይ በጆሮዋ ስትቃኝ ግን አንዳንዱ ድምጽ በቁልፎቹ መካከል ያርፋል። አብረን ስንጫወት ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤብልተን ላይቭ 12 የራስን ቅኝት ማስገባት ይፈቅዳል። ስለዚህ ክራሯን አውታር በአውታር ለክቼ ላፕቶፑን ለእሷ እቃኘዋለሁ እንጂ እሷን ለላፕቶፑ አላስቃኝም። በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ማሽኑ ነው መታጠፍ ያለበት።

በጣም የወደድኩትን ልምምድ ያገኘሁት ግን ከዚያ የማኪያቶ ክርክር ነው። ጓደኛችን አጠገቤ ትቀመጥና በፈለገችው ሰዓት «ተቀበል!» ትለኛለች። ከዚያ ምት ታጨበጭባለች፤ ወይም አጭር ዜማ በክራር ትጥላለች። እኔ በአራት ባር (የምት ዙር) ውስጥ መቀበል አለብኝ፤ ቀድቼ መመለስ፣ ወይም ፍጥነቱን መቀየር፣ ወይም ሁሉን አጥፍቼ ለእሷ ቦታ መልቀቅ። ጋሼም አንድ ቀን መጥተው ሰሙን። ብዙ አልተናገሩም። «ዝም ማለትን ልመድ፤ ሁሌ አትሙላው» አሉኝና ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አልተነሱም።

ላፕቶፑንም ከፊቴ አንስቼ ወደ ጎን አድርጌዋለሁ። ለትዕይንት ብዬ አይደለም። ፊት ለፊቴ ከሆነ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ ጎን ሲሆን ሰዉን አያለሁ። የሚያስፈልጉኝን ነገሮች በሙሉ ከላፕቶፑ ጋር በተያያዘው የሚዲ መቆጣጠሪያ ስምንት ማዞሪያዎች ላይ አስሬያቸዋለሁ። ማውስ አልነካም።

ቀጥሎ ልሞክር ያሰብኩት ከእውነተኛ ከበሮ ጋር መጫወት ነው። ከበሮ መቺው በጆሮው ክሊክ (የምት መቁጠሪያ ድምጽ) እየሰማ ላፕቶፑን እንዲከተል ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ከበሮው ላይ ማይክ ለጥፌ፣ ላፕቶፑ እሱን እንዲከተል። ኤብልተን ላይቭ ከሚገባው ድምጽ ቴምፖ የሚከታተልበት መንገድ አለው። በ4/4 ሞክሬው ደህና ሠርቷል። ችክችካ ሲመጣበት ሁለት ልቁጠር ወይስ ሦስት እያለ ይዋዥቃል። አሁን የያዝኩት መላ ከከበሮው ወፍራም ምት በቀር ሌላውን በፊልተር ቆርጬ ለእሱ ማሰማት ነው። በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ማይኩን ከበሮው የትኛው ፊት ላይ እንዳደረጋችሁት ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።