ጄዳ እና «የማዕድን አደጋው»

የስታር ዋርስ ሰው ሆናችሁ «ዴዝ ስታር ያጠፋው የትን ነው?» (ኢምፓየር የሚባለው ክፉ መንግሥት የሠራው፣ ፕላኔት የሚያፈርስ መሳሪያ ነው) ብትባሉ ሳታስቡ አልዴራን ነው የምትሉት። አይፈረድባችሁም፣ አልዴራን የልዕልት ሌያ ሀገር ናት፣ ሙሉ ፕላኔት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1977ቱ የመጀመሪያው ፊልም ላይ ዓይናችን እያየ ነው ብን ያለችው። ጄዳን ግን (የሳውዲዋን ጅዳ አላልኩም፣ እዛማ ሁላችንም ዘመድ አለን) የሚያነሳት ሰው ብዙ አይደለም። ጄዳ ደግሞ ከአልዴራን በፊት ነው የሄደችው፣ ያውም ጦርነት ተከፍቶባት ምናምን ሳይሆን መሳሪያው ይሰራል አይሰራም የሚለውን ለማየት። ሙከራ ናት በቃ።

ሮግ ዋን የሚለውን የስታር ዋርስ ፊልም ላላያችሁ (እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው፣ ከዚህ በታች ስፖይለር በስፖይለር ነው፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ) ጄዳ ብርዳም በረሃ የሆነች ትንሽ ጨረቃ ናት፣ ላይዋ ላይ ደግሞ በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ቅድስት ከተማ አለች። በረሃውን የቀረጹት ዮርዳኖስ ዋዲ ረም ነው፣ ለዛ ይሆናል አፈሩም ድንጋዩም የምር የሚመስለው። መንገዶቹ ጠባብ፣ ተሳላሚው ብዙ፣ ነጋዴው ብዙ፣ ለማኙ ብዙ፣ ለገና ላሊበላ ሄዶ በሰው መሀል ተገፍቶ የሚያውቅ ሰው ያንን ግፊያ ሲያይ ፈገግ ይላል። ልዩነቱ እዚህ ከአናታቸው በላይ የኢምፓየሩ የጦር መርከብ ተንጠልጥሏል፣ ከተማዋን የሚያህል ነገር፣ እና ሕዝቡ ለምዶት ቀና ብሎ እንኳን አያየውም።

መርከቡ እዛ ምን ይሰራል? ድንጋይ ይጭናል። የጄዳ ቤተ መቅደስ የሚታወቀው ካይበር በሚባል ክሪስታል ነው፣ ድሮ ጄዳይ የሚባሉት ተዋጊዎች ለብርሃን ሰይፋቸው የሚጠቀሙበት፣ ምእመኑ እንደ ቅዱስ ነገር የሚያየው። ኢምፓየሩ ቤተ መቅደሱን ዘርፎ ክሪስታሉን በኮንቮይ እያጓጓዘ ለዴዝ ስታር ጨረር ያደርገዋል። እንግዲህ ከተማዋን የመቷት ከራሷ ቤተ መቅደስ ባወጡት ነገር ነው ማለት ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚሉት ዓይነት፣ ግን እዚህ ዳቦው ተመልሶ መጥቶ ገደላት።

ምቱን ስታዩት ጨረሩ አይደለም የሚያስፈራው፣ ከላይ ሆነው የሚያዩት ሁለት ሰውዬዎች ናቸው። አንደኛው ክሬኒክ ነው፣ የፕሮጀክቱ ዳይሬክተር፣ ነጭ ካባውን ለብሶ ስሙ እንዲጠራለት የሚሞት ሰው። ሌላኛው ገዢው ታርኪን ነው፣ ፕሮጀክቱ ዘገየ እያለ የሚነዘንዘው። ጨረቃዋን በሙሉ ወይስ ከተማዋን ብቻ በሚለው ላይ ታርኪን ለዛሬ ከተማዋ ትበቃለች ይላል፣ ልክ ሬስቶራንት ገብቶ ግማሽ እንደሚያዝ ሰው። ከሪአክተሮቹ አንዱን ብቻ ያበሩና ይለቁታል። መሬቱ እንደ ባሕር ማዕበል ተነስቶ ሲጠቀለል ክሬኒክ ውበቱን ያደንቃል። ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አቧራው ሳይወርድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሪፖርቱን ማን ያቅርብ በሚለው ይጣላሉ፣ ታርኪን እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ሲያበቃ መሳሪያውን ይቀማዋል። ስለ ከተማዋ አንድ ቃል የለም። ስብሰባ የሚበዛበት መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ይቺን ትዕይንት በደንብ ያውቃታል።

ደግሞ ከመምታታቸው በፊት የራሳቸውን ወታደሮች አውጥተዋል፣ ያ የተንጠለጠለው መርከብም ዞር ብሏል። ለሕዝቡ ግን ማን ይንገረው።

እኔ ከዚህ ፊልም ሁሌ የምትመጣብኝ አንዲት ሕፃን ናት። ኢምፓየሩን የሚወጉት አማፂዎች ኮንቮዩን ከተማ መሀል ሲያጠቁ ተኩሱ መሀል ቆማ ታለቅሳለች፣ ጂን (የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕሪ) ዘላ ገብታ ታነሳትና ለእናቷ ትሰጣታለች፣ እናትየዋም ይዛት ትሮጣለች። ፊልም ላይ እንዲህ ሲሆን ተረፈች ትላላችሁ አይደል? ወዴት ነው የሮጠችው ግን? ወደ ከተማው ውስጥ ነዋ። ትንሽ ቆይቶ ያ ከተማ የለም፣ ፊልሙም ስለ ልጅቷ ዳግም አያነሳም፣ አስቡት ብሎ ለኛ ትቶልናል። ከዛ ሁሉም አልቆ መርከቧ ውስጥ ሲያመልጡ ማየት የማይችለው ቺሩት ጓደኛውን ቤዝን ይጠይቀዋል፣ ከተማው በሙሉ ነው ወይ ብሎ። ቤዝ በሙሉ ይለዋል። ሁለቱም የዛ ቤተ መቅደስ ጠባቂዎች የነበሩ ናቸው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ክሬኒክ የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ የሆነው ዳርዝ ቬደር ጋ አቤት ሊል ሲሄድ ቬደር ቁርጥ አድርጎ ይነግረዋል፣ ዴዝ ስታር የሚባል ነገር የለም፣ ሴኔቱም (የግዛቶቹ ሸንጎ) ጄዳ በማዕድን አደጋ ጠፋች ተብሎ ተነግሮታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ብዙ ሰው ሳይሰማት ያልፋል። የማዕድን አደጋ! ደግሞ ውሸቱ ጎበዝ ውሸት ነው፣ እዛ ማዕድን ሲወጣ እንደነበር ሁሉም ያውቃላ።

ለእንዲህ ዓይነት ውሸት ምሳሌ ፍለጋ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦንብ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1945 ሲፈነዳ ብርሃኑን እዛ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ አየው፣ እና ሠራዊቱ ምን አለ፣ አላሞጎርዶ አየር ማረፊያ ግቢ ውስጥ ራቅ ብሎ ያለ የጥይት መጋዘን ፈነዳ፣ የሞተም የተጎዳም የለም። መግለጫው ከፍንዳታው በፊት ነው የተዘጋጀው። እንዲያውም ምናልባት ሰው ማስወጣት ካስፈለገ ሰበብ እንዲሆን መጋዘኑ ውስጥ የጋዝ ጥይት ነበር የምትል ነገር ጨምረውበታል። የማስወጣቱን ሰበብ ጻፉ፣ ሰዉን ግን አላስወጡም።

ከጄዳ ጋር በጣም የሚመሳሰልብኝ ግን ካስል ብራቮ የሚባለው የአሜሪካ የሃይድሮጂን ቦንብ ሙከራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1954 (በነሱ አቆጣጠር)፣ ማርሻል ደሴቶች፣ ቢኪኒ። ሳይንቲስቶቹ ስድስት ሜጋቶን ገደማ ጠብቀው 15 ወጣ፣ የሂሮሺማን ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ደግሞ ቦንቡ ውስጥ ከነበረው ሊቲየም ሊቲየም ሰባት የሚባለው ዓይነት ምንም አያደርግም ብለው ከስሌቱ አውጥተውት ነበር፣ እሱ ግን ነዳጅ ሆኖ ቁጭ። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሮንጌላፕ የሚባል ደሴት አለ፣ እዛ ከሰማይ ነጭ ዱቄት መውረድ ጀመረ፣ የተፈጨ ኮራል ነው፣ ሕፃናቱ ተጫወቱበት። በ1946 ከዚህ በጣም ያነሱ ቦንቦች ሲሞከሩ የሮንጌላፕን ሰው ቀድመው አውጥተውት ነበር፣ በዚህኛው ግን አላወጡትም። ከፍንዳታው በኋላም መጀመሪያ የተነሱት ሮንጌሪክ የሚባል ሌላ ደሴት ላይ የነበሩት 28 አሜሪካውያን ናቸው፣ የሮንጌላፕ ሰዎች በማግስቱ። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ጀልባም ዱቄቱ ወርዶባት ከ23ቱ አንዱ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ በዛው ዓመት መስከረም ላይ ሞተ። የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን መጋቢት 11 ባወጣው መግለጫ ያለው ግን ሰዎች ባልተጠበቀ ሁኔታ ለተወሰነ ጨረር ተጋልጠዋል፣ ቃጠሎ የለም፣ ሁሉም ደህና ናቸው ነው። ቆዳቸው እየተላጠ፣ ፀጉራቸው እየረገፈ ማለት ነው እንግዲህ።

እኛም ይሄ ነገር ሩቃችን አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበብን፣ ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም ተናገሩት፣ የጣሊያን መንግሥት ግን በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል አዎ ተጠቅመናል ያለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን ግን እዚህ የወጋው አልረሳም፣ ሰነዱ በእጁ ነበር፣ ዝም ብሎ ካደ እንጂ። ሙከራ አልነበረም፣ የታሰበበት ጭፍጨፋ ነው፣ ስለዚህ ከጄዳ ጋ አንድ ነው አልልም። ክህደቱ ነው አንድ የሆነብኝ።

እና ብዙ ጊዜ የማስበው፣ እንዲህ ጉልበት ያለው ሰው ለምን ይዋሻል? ፕላኔት የሚያፈርስ መሳሪያ ይዘህ ማንን ትፈራለህ? መልሱ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ታርኪን ራሱ ለክሬኒክ ይለዋል፣ ሴኔቱ ይሄንን ፕሮጀክት ከሰማ ስንትና ስንት ግዛት ወደ አማፂው ይሄድብናል። ያ የሚስቁበት፣ ጥርስ የሌለው የሚመስለው ሴኔት ማለት ነው። ጥርስ ባይኖረውም ጆሮ አለው፣ ጆሮውን ነው የፈሩት። ስለዚህ «የማዕድን አደጋ» የምትለዋ ነገር ለኔ የኢምፓየሩ የመጨረሻዋ ፍርሃቱ ናት፣ ሊጠይቀኝ የሚችል አካል አለ ብሎ የሚያምንባት የመጨረሻ ቀን።

ብዙም ሳይቆይ ያው ታርኪን በ1977ቱ ፊልም ላይ ገብቶ ንጉሠ ነገሥቱ ሴኔቱን በትኖታል፣ ከእንግዲህ ግዛቶቹን የምንይዘው በፍርሃት ነው ብሎ ለመኮንኖቹ ይነግራቸዋል። አልዴራን ስትመታ ማንም ስለ ማዕድን አላወራም፣ ሌያን ራሷን መስኮቱ ጋ አቁመው ነው ያሳይዋት።