አንዲት የግድግዳ ጥግ

ዛሬ ከሰዓቴን የበላችው አንዲት ጥግ ናት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ላይ ፕላን እየሠራሁ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው የፓርቲሽኑ፣ የውስጥ ማካፈያ ግድግዳው፣ ልስን የውጪውን ግድግዳ ልስን ሰንጥቆ ብሎኬቱ ድረስ ገብቷል። ግንበኛው የሚያነበው ይሄንኑ ነው፤ እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው?

ሬቪት የግድግዳ ጫፎች ሲነካኩ ራሱ ያገጣጥማቸዋል። የቱ ሌየር (የግድግዳው ንብርብር) የቱን ቆርጦ እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን የቅድሚያ ቁጥር ነው፤ 1 ለተሸካሚው አካል፣ 4 እና 5 ለማጠናቀቂያው። ልስኑ 1 ተብሎ ተሞልቶ አገኘሁት! 5 ሳደርገው ጥጉ ጥርት አለ።

አዲሱ ክፍል ከነባሩ ቤት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ክፍተት መኖር አለበት። እዚያ የግድግዳውን ጫፍ፣ ሰማያዊዋን ነጥብ፣ በቀኝ ክሊክ ይዤ እንዳይጋጠም ከለከልኩት። አሁን የ5 ሳንቲሜትሯ ክፍተት ቁልጭ ብላ ትታያለች።