የእንቁጣጣሽ መልእክት ከሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

የዘንድሮን የበዓል መልእክቴን የምጽፍላችሁ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የቻይናውያን ሰፈር ከሆነችው ቻይናታውን ውዬ መጥቼ ነው። ከኦክላንድ በባቡር ቅርብ ናት። ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ፎቶ የምናነሳባት ሰፈር ሆና ነው። በበዓል ሰሞን ስለ እሷ መጻፍ የፈለግሁት የዚያ ሰፈር ሰዎች ውለታ እንዳለብን ስለሚሰማኝ ነው።

እኛ ዶሮና ቄጠማ ስንፈልግ እነሱም ለጨረቃ በዓላቸው ይሰናዳሉ። በራሳቸው አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን ስለሚውል ከእኛ መስከረም ብዙ አይርቅም። ስቶክተን ጎዳና መላወሻ የለውም። እናቶች ሮዝ ፌስታል አንጠልጥለው ጎመኑን እያገላበጡ ይመርጣሉ፤ ዓሣው ከነሕይወቱ ከገንዳ ይወጣል፤ የተጠበሰ ዳክዬ በየመስኮቱ ተሰቅሏል። አንድ ዳቦ ቤት ገብቼ የጨረቃ ኬክ ገዛሁ። ከመዳፍ አትበልጥም፤ ላይዋ ላይ በቅርጽ ጽሑፍ ታትሞባታል፤ መሃሏ ላይ በጨው የቆየ የዳክዬ እንቁላል አስኳል አለ። ሻጯ እናት እንዴት እንደምትቆረጥ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ቀጭን ቀጭን ተደርጋ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ እንድትዳረስ።

ከዚያ ዌቨርሊ ፕሌስ ወደምትባለው ጠባብ መንገድ ታጠፍኩ። ያማሩ ባለቀለም በረንዳዎች ያሏቸው ፎቆች ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ የማኅበር ቤቶች ናቸው። ከአንድ ወረዳ የመጡት በአንድ፣ አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው በሌላ ይሰባሰባሉ። ድሮ ከመርከብ የወረደ አዲስ ስደተኛ ማደሪያና ሥራ የሚያገኘው በእነሱ በኩል ነበር። ሲሞትም አጥንቱን በሆንግ ኮንግ በኩል አሳልፈው ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ላሉ ዘመዶቹ ይልኩለታል። እኛ እድር የምንለው ይኸው ነው። እዚህ አገር የወገናችንን አስክሬን ለመሸኘት ስናዋጣ የምናደርገውን እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት ሲያደርጉት ኖረዋል።

የመጡት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1849 ጀምሮ ወርቅ ፍለጋ ነው። ከዚያ የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ተራራ እየፈለጡ ዘረጉ። ሐዲዱ በ1869 አለቀ፤ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ፣ የገባውም ዜግነት እንዳይሰጠው የሚያግድ ሕግ ወጣ። ያ ሕግ እስከ 1943 ቆየ። ሲሻር እንኳ የተፈቀደላቸው ኮታ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር! በ1906 የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ ሰፈራቸውን ሲያወድመው የከተማው ሹማምንት አጋጣሚውን ተጠቅመው ወደ ዳር ሊያባርሯቸው ፈለጉ። እነሱ ግን ፈጥነው እዚያው ላይ ገነቡ። ዛሬ የምናያቸው እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ ማማ የተሠሩት የፓጎዳ ጣሪያዎች የዚያን ጊዜ ነጋዴዎች ብልሃት ናቸው፤ ከተማው እንዲወዳቸው፣ ጎብኚ እንዲመጣላቸው ብለው ያሠሯቸው ናቸው።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ግን አንድ ሰው አለ፤ ዎንግ ኪም አርክ ይባላል። በ1873 በዚሁ ሰፈር፣ ሳክራሜንቶ ጎዳና ላይ የተወለደ ምግብ አብሳይ ነበር። በ1895 ቻይና ደርሶ ሲመለስ «ወላጆችህ ቻይናውያን ናቸውና ዜጋ አይደለህም» ተብሎ ከመርከብ እንዳይወርድ ተከለከለ። ወደቡ ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ እየተዘዋወረ ለወራት ታሰረ። ጠበቃ የቆመለት በእነዚያው ማኅበራት ድጋፍ ነው። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1898 ስድስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተፈረደለት፤ እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው ተባለ። የተፈረደለትም ከባርነት ነፃ ለወጡት ጥቁሮች ተብሎ በ1868 በጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

እንግዲህ ኦክላንድም ይሁን ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ የተወለደው ልጃችን፣ እናት አባቱ ገና ወረቀት እየጠበቁ ሳለ እሱ ፓስፖርት የሚያገኘው በዚያ አብሳይ ክርክር ነው። በልጅነታችን በየቪዲዮ ቤቱ ተጋፍተን ያየነው ብሩስ ሊም እንዲሁ። አባቱ ለኦፔራ ትርኢት መጥተው ሳለ በ1940 እዚሁ ቻይናታውን፣ ሰፈሩ ለራሱ ባቋቋመው ሆስፒታል ተወለደ። የእገዳው ሕግ ገና አልተሻረም ነበር፤ ሕፃኑ ግን ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ዜጋ ነበር።

ከባሕረ ሰላጤው መሃል ኤንጀል አይላንድ አለች። ከ1910 እስከ 1940 መጪዎቹን እዚያ አግተው ይመረምሯቸው ነበር። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? ጎረቤታችሁ ማን ነው? ሩዙ የሚቀመጠው የት ነው? መልሱ ከዘመዱ ቃል ጋር ካልገጠመ ይመለሳል። ሲጠብቁ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ ግጥም ቀርጸዋል፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ተመዝግበዋል። የጥገኝነት ኢንተርቪው ቀጠሮ ይዛችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ሳስብ እናንተን አስባለሁ። አዲሱ ዓመት ጥሩ ዜና ይዞላችሁ ይምጣ።

ዘንድሮ ልጅ ለወለዳችሁ፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። የእድር መዋጮ ለምትሰበስቡ፣ ስልካችሁ የማይነሳላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እግዜር ይስጥልን፤ ድካማችሁን እናያለን። በቤይሩትና በሪያድ በዓሉን በሰው ቤት ሥራ ላይ ለምታሳልፉ እህቶቻችን፣ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አገር ቤት ላላችሁ፣ ሰላሙን ያብዛላችሁ።

ልጆቹ በበዓሉ ጠዋት የሣሉትን አበባ ይዘው ሲመጡ፣ ብሩን ከሰጣችኋቸው በኋላ ስለ ዎንግ ኪም አርክ ንገሯቸው። ቤይ ኤሪያ ያላችሁም ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይዛችኋቸው ውጡ፤ ሳክራሜንቶ ጎዳናን አብረን እናሳያቸዋለን።

መልካም አዲስ ዓመት!