ጎረቤቱ ያልነካው ዋይፋይ

ሰሚት አካባቢ ያለ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ነው፤ ኢንተርኔቱ በስልክ ሽቦ የሚገባ። አቤቱታው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ማታ ማታ ዱባይ ካለው ልጅ ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ የእሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ የእነሱ ግን እዚያ ሲደርስ ይቆራረጣል። ሁለተኛው የራውተሩ የዋይፋይ መብራት ነው፤ ቤተሰቡ ተኝቶ፣ ስልኩ ሁሉ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል ያድራል። አባወራው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቴክኒሺያኑ ከመድረሱ በፊት ፍርዱን ሰጥተው ጨርሰዋል። ሌባው የአጥር ማዶው ተማሪ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፓስወርዱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ በሁለቱ ቤቶች መካከልም ቡና መጠራራት ቀርቷል።

"ማስረጃ አለኝ" አሉ ጋሼ፣ የራውተሩን ሎግ (የሆነውን ከነሰዓቱ የሚመዘግብበትን ገጽ) ያነሱበትን ፎቶ በስልካቸው እያሳዩ። ራውተሩ ክፍት ግንኙነቶችን የሚይዝበት የግንኙነት ሰንጠረዥ ሊሞላ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በ23:10 ተመዝግቧል። "ማታ 5 ሰዓት ከ10 ማለት አይደል? ልጁ መብራት አብርቶ የሚያጠናበት ሰዓት ነው።"

አይደለም። የራውተሩን ሰዓት ማንም አስተካክሎለት አያውቅም፤ በግሪንዊች ነው የሚሄደው። 3 ሰዓት ሲደመርበት ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2:10 ይሆናል፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ከ10። በዚያ ሰዓት ተማሪውም ተኝቷል። ሎግ ከማንበብ በፊት ሰዓቱ የየት አገር እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ መቀየር ስላለበት እዚህ አገር ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

መብራቱም ቢሆን ምስክር አይሆንም። ራውተር ማንም ባይጠቀምበትም ቢከን የሚባል "እዚህ አለሁ" የሚል አጭር መልእክት በሴኮንድ 10 ጊዜ ገደማ ይረጫል። ስልክ፣ ቲቪና ፕሪንተር ደግሞ "ማን አለ?" እየተባባሉ ይጠራራሉ፤ አንዱ ጥሪ በ224.0.0.251 አድራሻ ፖርት (የበር ቁጥር) 5353፣ ሌላው በ239.255.255.250 ፖርት 1900 ያልፋል። ይህ ሁሉ ከግቢው አይወጣም፣ ከመስመሩም ምንም አይወስድም፤ መብራቱን ግን ያስጨፍረዋል። መታየት ያለበት ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣውና ከውጭ የሚገባው ነው። እሱ ደግሞ የሚገኘው በራውተሩ ገጽ፣ ስታተስ ውስጥ፣ ዋን (WAN፣ የውጭው መስመር) በሚለው ስር ነው፤ የተላከ ባይት፣ የተቀበለ ባይት።

ጋሼ ይህንንም ሞክረውት ነበር፤ ማታ ጽፈው፣ ጠዋት ጽፈው። የጠዋቱ ቁጥር ከማታው አንሶ አገኙት። "ቆጣሪውን ወደ ኋላ መልሶታል" ብለው ደመደሙ። ሳቅ ያሰኛል እንጂ ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ራውተር ላይ ይህ ቆጣሪ ባለ 32 ቢት ነው፤ 4,294,967,295 ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፣ 4.3 ጊጋ ባይት ገደማ መሆኑ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ከዜሮ ይነሳል፤ እዚያው ገጽ ላይ ራውተሩ ከተነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነው ስለሚጻፍ ያንን አይቶ መለየት ይቻላል። ስለዚህ ሌሊት ሙሉ ከመለካት 10 ደቂቃ መለካት ይሻላል።

ተለካ። ስልኩ ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆነ፣ ላፕቶፑ ጠፋ፣ ቴክኒሺያኑም ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ሰዓቱን ያዘ። ከ10 ደቂቃ በኋላ የተላከው በ52 ሜጋ ባይት፣ የተቀበለው በ55 ሜጋ ባይት ጨምሯል። 52 በ8 ሲባዛና ለ600 ሴኮንድ ሲካፈል 0.69 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ይመጣል፤ በቀን 7.5 ጊጋ ባይት። ማንም ሳይነካው! የመስመሩ የአፕሎድ አቅም ደግሞ ራሱ ራውተሩ እንደሚያሳየው 0.8 ብቻ ነበር።

የቪዲዮ ጥሪው ነገር እዚህ ላይ ተፈታ። በስልክ ሽቦ የሚመጣ መስመር መውጫው ከመግቢያው በጣም ይጠብባል። መግቢያው ሰፊ ስለሆነ የዱባዩ ድምፅ ይደርሳል፤ መውጫው ሞልቶ ስላደረ የጋሼ ድምፅ ራውተሩ ውስጥ ወረፋ ይጠብቃል። ከራውተሩ ቀጥሎ ወዳለው የመስመሩ ጣቢያ ፒንግ (ደርሶ መልስ የሚለካ አጭር መልእክት) ሲላክ መልሱ 900 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅ ነበር፤ ኋላ ጭነቱ ሲነሳ ግን 30 ሆኗል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍንጭ ግን ብዛቱ ሳይሆን የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ ነው። አንድ ነገር ዳውንሎድ ሲደረግ የሚወጣው የ"ደርሶኛል" ምላሽ ብቻ ስለሆነ ከሚገባው ጥቂት በመቶ ነው። ዊንዶውስ ወይም ስልክ ራሱን ሲያድስ ቁጥሩ ወደ መቀበል ያጋድላል። ካሜራ ወደ ውጭ ሲያሳይ፣ ወይም ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን፣ ወደ መላክ ያጋድላል። ዊንዶውስ የወረደለትን ማደሻ ለሌሎች ኮምፒውተሮች በፖርት 7680 የሚያከፋፍልበት ጊዜ አለ፤ እሱም መላክ ነው፣ ደግሞም ላፕቶፑ ጠፍቷል። መግቢያና መውጫው እኩል ከሆነ ግን ቤቱ ተቀባይም ላኪም አይደለም፤ መተላለፊያ ነው። ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ተላላኪ ከረጢቱ ሲገባም ሲወጣም ያው ክብደት ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ራውተሩ የመሣሪያዎች ዝርዝር ሮጦ የማያውቀውን ስም ይፈልጋል። ቀኑ የሚባክነው እዚያ ነው። ዝርዝሩ ላይ 11 መስመር ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ግን ያን ያህል ዕቃ የለም። አንድሮይድ ከ10ኛው፣ የአይፎኑ ሲስተም አይኦኤስ ከ14ኛው ስሪት ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ማክ አድራሻ (ራውተሩ ዕቃውን የሚለይበት ቁጥር) ያወጣሉ፤ የአድራሻው ሁለተኛ ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ የፈጠራ ነው። የዋይፋዩ ስም በተቀየረ ቁጥር፣ ወይም ስልኩ መረቡን ረስቶ እንደገና ሲገባ፣ አንዱ ስልክ ሁለት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጋሼ "የማላውቀው ስልክ" ብለው ያሰመሩበት የገዛ ልጃቸው ስልክ ነበር።

ከስም ፍለጋ ማጥፋት ይቀድማል። መጀመሪያ ዋይፋዩ ራሱ ከራውተሩ ተዘጋ፣ ለ5 ደቂቃ። ቆጣሪው እንደ በፊቱ ቀጠለ። የማዶው ተማሪ በዚህች 5 ደቂቃ ነጻ ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ ዋይፋይ በሌለበት ማንም አጥር ተሻግሮ መስመር መጠቀም አይችልም። ጋሼ ግን ወዲያው አልተረቱም፣ "ምናልባት ሽቦ ስቦ ይሆናላ" አሉ።

ራውተሩ ጀርባ ላይ ሦስት ኬብል ተሰክቷል። አንዱ ፎቅ ላይ ወዳለው ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ይሄዳል፤ መጀመሪያ መነቀል ያለበት እሱ ነው፣ አለዚያ "ዋይፋይ ዘግቻለሁ" ማለት ውሸት ነው። ተነቀለ፤ ለውጥ የለም፣ ተማሪውም ነጻ ወጣ። ሁለተኛው የደህንነት ካሜራዎቹ ምስል የሚቀዳበት ዲቪአር ነው። እሱም ተነቀለ፤ ቆጣሪው እንደ በፊቱ መሮጡን ቀጠለ። ዲቪአርን ብዙ ሰው ይጠረጥራል፣ ያለ ምክንያትም አይደለም፤ በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ካሜራና ዲቪአሮችን የተቆጣጠረው ከፋብሪካ የመጡበት ፓስወርድ ስላልተቀየረ ነበር። ደህና ዲቪአር ግን በስልክ የሚመለከተው ሰው ከሌለ "አለሁ" ከማለት በቀር ወደ ውጭ የሚልከው እዚህ ግባ አይባልም።

ሦስተኛው ኬብል ሳሎን ካለው ቲቪ ጀርባ ይገባል። ሲነቀል ቆጣሪው ቆመ። ከኬብሉ ጫፍ የተገኘችው መዳፍ የምታህል ጥቁር አንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ናት፤ ልጁ ከዱባይ ያመጣት፣ ስሟ የማይታወቅ፣ ያለ ክፍያ ሁሉንም ፊልም የምታሳይ። በኬብል ስለምትሠራ ፓስወርዱ ሦስት ጊዜ ሲቀየር ነገሩ እሷን አልነካትም። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። እንዲህ ያለች ዕቃ የዋይፋዩን ፓስወርድ ካወቀች፣ ኬብሏ ሲነቀል በዋይፋይ ዞራ ትቀጥላለች፤ ነቃዩም "እሷ አይደለችም" ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ኬብል ሲፈተሽ ዋይፋዩ እንደተዘጋ ይቆይ።

"ማታ ማታ አጠፋታለሁ እኮ፣ ልጄ" አሉ ጋሼ፣ ሪሞቱን አንስተው። ቀዩን ሲጫኑ ስክሪኑ ጠቆረ። የቦክሷ ትንሽ መብራት ግን ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ጀርባዋን ሲነኩት ይሞቃል። ሪሞቱ ምስሉን ነው የሚያጠፋው። ዕቃዋ የምትጠፋው ከሶኬት ስትነቀል ብቻ ነው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ማንም ሳያዛት ትነሳለች።

ምን እንደምትሠራ ለማየት የቤት ራውተር አይበቃም። ቴክኒሺያኑ ላፕቶፑን በዋይፋይ ከራውተሩ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ለኬብል ቀዳዳው አጋራ፣ ቦክሷን እዚያ ሰካ። በዊንዶውስ ማጋሪያ የተሰካ ዕቃ በ192.168.137 የሚጀምር አድራሻ ያገኛል፤ ካላገኘ ማጋራቱ አልሠራም። ከዚያ በመስመር የሚያልፈውን የሚያሳየውን ዋየርሻርክ የተባለ ፕሮግራም በኬብሉ ላይ ከፍቶ፣ ስታቲስቲክስ ከሚለው ስር ኮንቨርሴሽንስ ገብቶ፣ በባይት ብዛት ደረደረ። አንድ የውጭ አድራሻ ጋር የማይቋረጥ ግንኙነት አለ። ከሱ ጎን በመቶ የሚቆጠሩ አጫጭር ግንኙነቶች ወደ ፖርት 443 ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ይዘታቸው የተመሰጠረ ነው፤ የሚሄዱበት ድረ ገጽ ስም ግን ግንኙነቱ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይታያል። የአውሮፓ የልብስ መደብር፣ የኮንሰርት ትኬት መሸጫ፣ የማኅበራዊ ገጽ መግቢያ። ጋሼ የኮንሰርት ትኬት አይገዙም።

ቦክሷ የቤቱን መስመር ለማይታወቅ ሰው የምታከራይ ፕሮክሲ ነበረች። ትእዛዙ ከውጭ ይገባል፣ ከጋሼ ቤት የወጣ መስሎ ወደ ድረ ገጹ ይሄዳል፣ መልሱ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። የሁለቱ ቁጥሮች እኩልነትና የግንኙነት ሰንጠረዡ መሙላት ከዚህ የመጡ ናቸው። የቤቱ ልጅ ጎግል "ሮቦት አይደለሁም" እያሰኘ የትራፊክ መብራት ፎቶ ያስመርጠኛል ስትል የነበረውም ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ በሚጋራበት መስመር ላይ የሌላው ጥፋት ለአንተም ይተርፋልና።

ነገሩ የአንድ ቤት ዕጣ አይደለም። በመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆቹ ዶክተር ዌብ የተባለው የጸረ ቫይረስ ድርጅት በ197 አገሮች 1.3 ሚሊዮን ገደማ እንዲህ ያሉ ቦክሶች መበከላቸውን ገልጿል። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው የተበከሉ ዕቃዎች መረብ አስጠንቅቋል፣ በቀጣዩ ወር ጎግል ከጀርባው ያሉትን ኒውዮርክ ላይ ከሷል። ነጻ ቪፒኤንም ከዚህ አይርቅም፤ በግንቦት 2024 አሜሪካ ያፈረሰችው 911 ኤስ 5 የተባለ መረብ በነጻ የቪፒኤን አፖች በኩል የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባ ነበር።

ፋብሪካ ሪሴት? አይረዳም። ተንኮሉ ሲስተሙ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ሪሴቱ እሱኑ መልሶ ይተክላል፣ ከየትም የተገኘ ፈርምዌር (የዕቃው ዋና ሲስተም) መጫንም በሽታን በበሽታ መለወጥ ነው። ሳይገዙ በፊት ማየት የሚቻለው አንድ ነገር አለ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አባውት ተብሎ ሲገባ ዕቃው በፕሌይ ፕሮቴክት (በጎግል የደህንነት ማረጋገጫ) የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑ ተጽፎ ይገኛል። የዚህችኛዋ "አልተረጋገጠም" ይል ነበር።

ጋሼ ለመጣል አልቆረጡም፤ የልጅ ስጦታ ነው። ስምምነት ተደረሰ፦ ቦክሷ ከፍላሽ ፊልም ታጫውት፣ ኬብልም የዋይፋይ ፓስወርድም አይሰጣት። የራውተሩ የአድሚን ፓስወርድ ተቀየረ፣ ዩፒኤንፒ (ዕቃዎች ራሳቸው ከውጭ መግቢያ የሚያስከፍቱበት) እና ደብሊው ፒ ኤስ (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን ወደ ዋይፋዩ የሚገባበት) ተዘጉ፣ ሰዓቱ ወደ አዲስ አበባ ተስተካከለ። ለእንግዳ የተለየ የዋይፋይ ስም ተከፈተ፣ ከቤቱ ዕቃዎች ጋር እንዳይተያይ ሆኖ።

ሁለተኛ 10 ደቂቃ ተለካ፤ የተላከ 0.4፣ የተቀበለ 0.6 ሜጋ ባይት።

"ዜሮ ለምን አልሆነም?" አሉ ጋሼ።

"ዜሮ የሚሆነው መስመሩ ሲቋረጥ ነው፣ ጋሼ። ስልክዎ መልእክት መጣ አልመጣ ለማወቅ በፖርት 5228 ከጎግል ጋር እንደተገናኘ ያድራል፣ ዲቪአሩ አለሁ ይላል፣ ቲቪው ሰዓት ይጠይቃል። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በየጠዋቱ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋሉ። የእንግዳው ፓስወርድ በወረቀት ተጽፎ በልጅቷ እጅ ወደ አጥር ማዶ ሄዷል። ራውተሩ የየስሙን ፍጆታ ለብቻ ስለሚያሳይ ደብተሩ ላይ አሁን ሁለት ዓምድ አለ፤ የሁለተኛው ራስጌ "ማዶ" ይላል።