ከስብሰባው በፊት ሰነዱ ይለጠፍ

በሐዋሳ ስለ ደረቅ ቆሻሻ ሲነሣ ንግግሩ ወዲያው ወደ ነዋሪው ጥፋት ያዘነብላል፤ ፌስታል በየመንገዱ የሚጥለውና በሌሊት ቦይ ውስጥ የሚደፋው ይወቀሳል። ወቀሳው አግባብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ገንዳ የት እንደሚቀመጥ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር በምን ውል እንደሚሠራ፣ ከየቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውልና መድፊያው በእነማን ደጅ እንደሚሆን፣ ማን በምን ማስረጃ እንደወሰነ የምናውቅበት መንገድ እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ የተተካው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም ከተሞች ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ የታችኛውን የአስተዳደር እርከንና የአካባቢውን ኅብረተሰብ እንዲያሳትፉ አዝዞ ነበር። ልብ በሉ፣ የተባለው ዕቅዱ ሲዘጋጅ ነው፤ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ እንዲሰማ አይደለም።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚመስል በሰፈራችን አይተናል። አንድ ገንዳ ከነበረበት ተነሥቶ ከጉሊት ነጋዴዎች አጠገብ ተቀመጠ፤ ለውይይት የተጠራነው ከተቀመጠ በኋላ ነበር። በስብሰባው ላይ የአህያ ጋሪ የሚነዳ የማኅበሩ ወጣት ተነሥቶ፣ መንገዱ በዚያ በኩል ስለሚጠብ ጋሪውን አዙሮ ከገንዳው ጋር ማስጠጋት እንደማይችል፣ ስለዚህም ማዳበሪያዎቹን ከገንዳው ሥር ለማራገፍ እንደሚገደድ አስረዳ። እውነትም የጫት ገረባው፣ የሃይላንድ ጠርሙሱና የበሰበሰው አትክልት ከገንዳው ውጭ ተከምሮ ነበር፤ ሴቶቹም ቲማቲማቸውን ከዝንብ ለማዳን ሸራቸውን ወደ አስፋልቱ ጠርዝ አሽሽተዋል። ይህን ወጣት አስቀድሞ የጠየቀው ቢኖር ኖሮ ገንዳው እዚያ ባልተቀመጠ ነበር። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ይያዝ ተባለ፤ ቃለ ጉባኤውን ግን ከእኛ መካከል ያየ ሰው የለም።

እንዲህ ያለው ስህተት በሰፈር ብቻ አይቀርም። ዝናብ ሲጥል ቦዮቻችን የያዙትን ሁሉ ወደ ሐይቁ ይዘው ይወርዳሉ፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ከጥቁር ውኃ ወንዝ ቢቀበልም በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው፣ የገባበት ፕላስቲክ የሚሄድበት የለውም። የመድፊያ ቦታ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አደጋው የወደቀው በክምሩ ሥር ይኖሩ በነበሩት ላይ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት የሚያዘውም ለዚህ ይመስለኛል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቢሮ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግን ለሕዝብ ክፍት ነው ማለት ይከብዳል፤ ቢያንስ ፍሬ ነገሩ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ተጠቃልሎ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ስብሰባ እንዳይጠራ አልልም፤ ነዋሪው አንብቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተመካክሮ እንዲመጣ ሰነዱ ከቀኑ ቀደም ብሎ ይድረሰው ነው የምለው። ከውይይቱም በኋላ የትኛው ሐሳብ ተቀባይነት እንዳገኘ፣ ያልተቀበሉትንም ለምን እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ ይነገረን። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጠው ይላል። በዚሁ መሠረት እኔና ጎረቤቶቼ የማኅበሩን ውል፣ የወርሃዊ ክፍያውን አጠቃቀምና የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ለመጠየቅ ተስማምተናል፤ በማመልከቻው ላይ ጋሪ ነጂው ወጣትም ይፈርማል።