አሮጌ አይሱዙ፦ ዘይቱ ከየት ይፈሳል? ጌጁስ ይታመናል?

ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በሚጋጠሙበት ቦታ ዘይት ሲንጠባጠብ ብዙ ጊዜ የሚወነጀለው የኋላው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ነው። ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ግን ቀና ብሎ ማየት ይሻላል። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም ከዘይት ግፊት ሴንሰሩ የወጣው ሁሉ መጨረሻው እዚያው ነው። ሞተሩ በርዶ ሳለ አጥቦ ማድረቅ፣ 15 ደቂቃ ማስነሳት፣ ከዚያ አጥፍቶ በመብራት ከላይ ወደ ታች መፈለግ።

አዲስ ፓራኦሊዮ በወሩ ካፈሰሰ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ እዩ። ከተደፈነ የውስጡ ግፊት ዘይቱን በደከመው በኩል ያስወጣዋል። ቱቦው ክፍት ሆኖ የዘይት መሙያው ጭስ በኃይል የሚተፋ ከሆነ ግን የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) አልቋል፤ ፓራኦሊዮ መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው።

የዘይት ግፊት ጌጁ ዜሮ ካሳየ ወዲያው አጥፉ፣ የዘይቱን መጠን በመለኪያ ዘንጉ እዩ። ጨምሮ ከተገኘና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ መልሳችሁ አታስነሱት። መጠኑ ደህና ከሆነ ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የእጅ ጌጅ (ያለ ሽቦ ግፊቱን በቀጥታ የሚለካ) ማሰር ነው። እንደየሞተሩ ቢለያይም፣ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 1 ባር አካባቢ፣ በ2000 ዙር ከ2 እስከ 3 ባር ካገኛችሁ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። የጃፓኑ ሴንሰር ጥርስ በኢንች 28፣ የአሜሪካኑ 27 ስለሆነ በግድ የገባ ሴንሰር ራሱ ያፈሳል።

የፊት መብራት ሲበራ ጌጆቹ ሁሉ አብረው ከተንቀሳቀሱስ? የዳሽቦርዱን ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ሽቦ) ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት።